የጥናቱ ወሰን፦ መርካቶ በሙሉ

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በአንደኛው ልጄ ጥቁር ጋወን ለብሳ፣ ቆቧን ደፍታ ትስቃለች፤ እኔ ከጎኗ በግራጫ ኮት ቆሜ ጋወኑን ሊያሻሽጥ የመጣ ደላላ መስያለሁ። በሁለተኛው ጋወን የለበስኩት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን። ቆቡ ስለጠበበኝ አናቴ ላይ እንደ ድስት ክዳን ቁጭ ብሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ውይ፣ አባትም ልጅም ተመራቂ!» ይላል። ባለቤቴም «አዎ፤ እሷ በጊዜዋ፣ እሱ በራሱ ጊዜ» ብላ ታሳልፈዋለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እነዚህ ሁለት ፎቶዎች ግን አንድ ፎቶ መሆን ነበረባቸው። ሁለት ያደረጋቸው የኔ ብልጠት ነው።

መርካቶ ውስጥ፣ ከራጉኤል ብዙ ሳይርቅ፣ የልብስ ቁልፍ፣ የክርና የዚፕ ሱቅ ነበረኝ። ጊዜው በየስብሰባው «ነፃ ገበያ» የሚባልበት፣ የግል ኮሌጅ በየሰፈሩ እንደ አሸን የፈላበት ነው። እኔም አምሳን ካለፍኩ በኋላ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ፤ ንግድ ሥራ አመራር።

«ዕድሜህን ሙሉ ስትነግድ ኖረህ አሁን ንግድ ልትማር?» አለችኝ ባለቤቴ።

«እስካሁን በግምት ነበር» አልኳት።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ከኔ በኋላ ነው። የማታው ትምህርት ስለሚረዝም ግን አንድ ቀን በጣቷ ስትቆጥር ቆየችና ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አባዬ! በአንድ ክረምት እኮ ነው የምንመረቀው! ሁለታችንም ጋወን ለብሰን ፎቶ እንነሳለን!» ፎቶ ቤቱን ሳይቀር እዚያው መረጠች፦ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለው፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ያለው፣ እሷ በልጅነቷ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው የተነሳችበት። ባለቤቴ በማግስቱ ሁለት ሰው የሚያስቆም ሰፊ የፎቶ ፍሬም ገዝታ መጣች። ባዶ ፍሬም አስቀድሞ መግዛት ደግ አይደለም ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «አንተ ብቻ ተመረቅልኝ» ብላ አልጋ ሥር ከተተችው።

የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

አማካሪ ሆኖ የተመደበልኝ መምህር ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ከገጠር መጥቶ ተምሮ እዚያው አስተማሪ የሆነ ቀጭን ወጣት ነው። ሰው የነገረውን እንደነገረው የሚያምን፣ ራሱም ያመነበትን ብቻ የሚናገር ዓይነት። እንዲህ ያለ ሰው መርካቶ ውስጥ አንድ ቀን አይውልም። ክፍል ውስጥ ግን ነገሩን ጥርት አድርጎ ነበር ያስረዳን። «ጥናት ከመጻፉ በፊት ይታቀዳል» አለን። «መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ፤ አንድ። ባላችሁ ጊዜና አቅም የሚመለስ ይሁን። ከዚያ ዓላማውን ጻፉ፤ ከዚያ ወሰኑን፤ ከዚያ መረጃውን ከማን፣ እንዴት እንደምትሰበስቡ፤ ከዚያ መቼ ምን እንደምትሠሩ። ወሰን የሌለው ጥናት አጥር የሌለው ማሳ ነው፤ የመንደሩ ከብት ሁሉ ይገባበታል።»

ይህን ሁሉ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ገለበጥኩት። የጻፉትን ሁሉ የተረዱት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ አንዱ ነኝ።

ጥያቄ ደግሞ ነበረኝ። ለዓመታት ስትበላኝ የኖረች ትንሽ ጥያቄ። በኛ መደዳ ያሉት ሱቆች የሚሸጡት አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው፤ ዋጋውም ያው ነው። ታዲያ አንድ ልብስ ሰፊ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ደንበኛ አድርጎ፣ ሌላውን ሁሉ እያለፈ፣ ዘመኑን በሙሉ እዚያው የሚመላለሰው ለምንድን ነው? ይቺን ብጠይቅ ከመደዳችን ሳልወጣ፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ የምጨርሳት ሥራ ነበረች። የምፈልገውም እሷኑ ነበር።

ነገር ግን የመርካቶ ሰው የሚፈልገውን አስቀድሞ አይናገርም። ሠላሳ ከፈለግህ ስልሳ ትጠራለህ። ገዢው ሃያ ይላል። ትምላለህ። ይሄዳል። ትጠራዋለህ። ሠላሳ ላይ ትገናኛላችሁ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሰላምታ ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት እንዲህ ነው። ባለቤቴን ሳስጠይቅ እንኳ ሽማግሌዎቹን «መጀመሪያ ታላቂቱን ጠይቁ፤ እምቢ ሲሉ ታናሺቱ ትቀላቸዋለች» ብዬ ነው የላክኋቸው። (እሷ ይህን አታውቅም። ካነበበችው አለቀልኝ።)

ስለዚህ ርዕሴን ጠራሁ፦ «የመርካቶ የንግድ ሥርዓት፦ አመጣጡ፣ ያለበት ሁኔታና የወደፊት አቅጣጫው»። ከሥሩም፦ «የጥናቱ ወሰን፦ ጥናቱ መርካቶን በሙሉ ይሸፍናል።»

እንዴት እንደምወርድም በልቤ አዘጋጅቻለሁ። መምህሩ ገና ፊቱን ሲያኮሳትር የወደፊት አቅጣጫውን እለቅለታለሁ። ቀጥሎ አመጣጡን። ከዚያ ትንሽ አኩርፌ ሸማ ተራን፣ ቆርቆሮ ተራን፣ ምናለሽ ተራን አንድ በአንድ እያስረከብኩ እወርድና በመጨረሻ «እሺ፣ ለእርስዎ ስል» ብዬ ቁልፍ መደዳው ላይ እቆማለሁ። እሱ ያሸነፈ ይመስለዋል፤ እኔ የፈለግኩትን ይዤ እወጣለሁ።

መምህሩ ወረቀቱን በጣቱ መስመር እየተከተለ አነበበው። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ነጋዴ ገዢ ፊት እንደሚያደርገው ወደ መስኮቱ ዞሬ የማይገደኝ መሰልኩ። ብዕሩን አነሳ። ፈረመ።

«ትልቅ ሥራ ነው ጋሼ። በርቱ።»

«ሌላ… የሚሉት የለም?»

«ምን እላለሁ? እርስዎ ካሉ ነው።»

ዕቃ ሸጦ የማያውቅ ሰው ይህን ሕመም አያውቀውም። የጠራኸውን ዋጋ ገዢው ሳይከራከር ከፍሎህ ሲሄድ ደስ አይልህም፤ የተበላህ ይመስልሃል። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት እንደዚያ ሆኜ ነው። ልዩነቱ የጠራሁትን ዋጋ የምከፍለው እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

ልጄ ወረቀቱን አንብባ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አባዬ፣ ይሄ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው የአምስት ዓመት ዕቅድ?»

«ያንቺስ ምን ነበር?»

የሷ ጥናት አትክልት ተራ ነበር። ቲማቲም ከመኪና ወርዶ ቸርቻሪው ዘንቢል ውስጥ እስኪገባ ድረስ የት ላይ ነው የሚበላሸው? ይኸው ነው። በየማለዳው ሄዳ የጭነት መኪናው ሲራገፍ ታያለች፤ በጋሪው ሲገፋ ትከተላለች፤ የፈረጠውን ትለያለች። «አራት ዓመት ተምረሽ ለቲማቲም?» እያልኩ ስቄባታለሁ። እሷ ግን የቲማቲሟን ጥያቄ ይዛ የት እንደምትደርስ ታውቅ ነበር።

«ነገ ሂድና ላጥብበው በለው» አለችኝ።

«ነጋዴ ዋጋ ጠርቶ ራሱ አይቀንስም። ቀንስ ይበለኝ።»

«እሱ እኮ ገዢ አይደለም አባዬ!»

«ሁሉም ሰው ገዢ ነው» አልኳት። ስናገረው ትልቅ አባባል መስሎኝ ነበር።

መጠይቁን ይዤ ወጣሁ። የጀመርኩት ጎረቤቴ ከሆኑት ሐጂ ነው፤ ጨርቅ የሚያስመጡ፣ ከስልጤ አገር በወጣትነታቸው መጥተው መደዳውን ያቀኑ ሰው ናቸው።

«ስንት ጥያቄ ነው?» አሉኝ።

«ሃያ አምስት ናት ሐጂ።»

«ሃያ አምስት! ወላሂ በዛ። አስር አድርጋት።»

«ጥናት እኮ ነው ሐጂ፤ አይቀነስም።»

«አንተ ሳትቀንስ የሸጥክበት ቀን አለ? አስራ ሁለት።»

አስራ አምስት ላይ ተስማማን። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩላቸው፤ ሽያጭ እንዴት ነው? «ገበያ የለም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ይህን ሲሉ ተሸካሚዎች ጣቃ ጨርቅ እያወጡ ደጃፋቸው ላይ የቆመ አይሱዙ ይጭናሉ። «ምን ታያለህ? ጻፍ! ገበያ የለም።» ጻፍኩ።

ሌላው ጎረቤቴ፣ ዚፕ የሚሸጠው፣ የወረቀቱን አናት ጮክ ብሎ አነበበው። «‹ጥናት አቅራቢው የሚሰጡትን መልስ በምስጢር ይጠብቃል› ይላል። ጥናት አቅራቢው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ! የልጄን መታጨት መደዳው በሙሉ ካንተ አይደል የሰማው?» መደዳው በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ የነገርኩት።

ከመደዳችን ስወጣ ደግሞ ባሰ። የማያውቀኝ ሁሉ «ከገቢዎች ነህ ከቀበሌ?» ይላል። ቆርቆሮ ተራ ውስጥ ድምፄ በመዶሻ ጩኸት ይዋጣል፤ ጥያቄውን እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ መልሱን ይጮሃል፣ የሰማሁትን ሳይሆን የመሰለኝን እጽፋለሁ። አሮጌ ዕቃ በሚነገድበት ምናለሽ ተራ አንዱ መጠይቁን ተቀብሎ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ወረቀቱ በኪሎ ስንት እንደሚያወጣ ነገረኝ። መርካቶ ውስጥ ጸጉሬ እስኪሸብት ስኖር ያን ያህል ሰፊ መሆኗን አላውቅም ነበር። ሱቁን ባለቤቴ ያዘችልኝ። ምሳ ላይ ስደርስ «ጥናት አቅራቢው ይበላል ወይስ ምሳውም መጠይቅ ይሞላል?» ትለኛለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤት ውስጥ ስሜ ጥናት አቅራቢው ሆኖ ቀረ።

መምህሩ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር ግን በር እከፍትለታለሁ። በመርካቶ ቋንቋ።

«መምህር፣ መርካቶ ሰፊ ናት።»

«ሰፊ ናት ጋሼ።»

«ጉልበትም እንደ ድሮው አይደለም።»

ይህ «ቀንስልኝ» ማለት ነው። ማንም ቸርቻሪ ይገባዋል። መምህሩ የሰማው ግን ጉልበቴን ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ከአገር ቤት የመጣ የጉልበት ቅባት በጠርሙስ አድርጎ ሰጠኝ። ከቅባቱም ጋር ረቂቄን። እኔ «ይመስለኛል» ያልኩበትን ሁሉ በቀይ አስምሮ «ማን አለ? ከየት ተገኘ?» ብሎበታል። «ጋሼ፣ ባንዱ ምዕራፍ ያገኙትን ብቻ ያስቀምጡ። ምን ማለት እንደሆነ ለቀጣዩ ምዕራፍ ያቆዩት» ይለኛል። እኔ ደግሞ የሐጂን መልስ ስጽፍ ሐጂ ሲናገሩ የነበራቸውን ፊት፣ ደጅ ቆሞ የነበረውን አይሱዙ፣ የአይሱዙውን ባለቤት፣ የባለቤቱን አማት ሳልጨምር መቆም አልችልም። ጽሑፉ ወፈረ፤ ወደ ፊት ግን አልሄደም።

የማስረከቢያው ጊዜ ሲቃረብ ልጄ የራሷን አስጠርዛ ጨርሳ ሱቅ መጣች። የኔን የመጠይቅ ክምር ባንኮኒው ላይ ዘርግፋ፣ ቁልፍ እንደሚለይ ሰው፣ በየተራው ለየችው። በመጨረሻ ከሁሉ የቀጠነችውን እስር አነሳች። የኛ መደዳ ሰዎች የሞሉት ነው።

«ይኸውልህ፤ ያንተ ጥያቄ መልስ እዚህ ውስጥ አለ። ሌላውን ተወው። በዚህ ብቻ ከጻፍከው ትደርሳለህ። ነገ ሂድና ርዕሱን ለውጥልኝ በለው።» እስሩን እጄ ላይ አስቀመጠች። «አባዬ፣ ፎቶው…»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እኔም ቀልድ ፈለግኩ፤ አጣሁ። «እሺ» አልኳት።

በማግስቱ ሄድኩ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ሌላ ተማሪ አለ፤ ጎረምሳ። በሩ ገርበብ ብሏል። «ሰፊ ነው! አይቻልም!» ይላል መምህሩ። «ሦስት ከተማ ምን ያደርግልሃል? አንድ በቃህ። አንድ ወረዳ። ቀንስ!» ጎረምሳው ይለማመጣል፣ መምህሩ ይሰርዛል፤ ጎረምሳው አንድ ቃል ያስመልሳል፣ መምህሩ ሁለት ያወጣል። በሩ ላይ ቆሜ ቀናሁ። እንዲህ ያማረ ክርክር ጨርቅ ተራ እንኳ አላየሁም። ሰውዬው ያውቅበታል!

ተራዬ ደርሶ ስገባ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«መምህር፣ እኔን ለምን እንዲህ አልተከራከሩኝም?»

ግራ ገባው። «እርስዎን?»

«ቀንስ ይሉኛል ብዬ ነበር እኮ የጠራሁት! መርካቶ በሙሉ ስል… ቁልፍ መደዳውን ነበር የፈለግኩት።»

መምህሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ። «ጋሼ፣ እኔ እንዴት ብዬ? አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ዕድሜዎን የኖሩበትን ቦታ ‹አይችሉትም› ልበልዎት? የበዛብዎት ይመስለኝ ነበር። ግን እኛ አገር ትልቅ ሰው የሸክሙን ልክ ራሱ ይናገራል እንጂ ታናሽ አይቀንስለትም። ከበደኝ እስኪሉኝ ስጠብቅ ነበር።»

«ብዬዎት ነበር እኮ። ጉልበቴን አልኩዎት።»

«ጉልበትዎን የመሰለኝ ጉልበትዎን ነው» አለ።

እኔ እሱ ቀንስ እስኪለኝ ስጠብቅ፣ እሱ እኔ እስክናገር ሲጠብቅ ዓመቱ አልቋል። ርዕስ የሚለወጠው በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ነው፤ ስብሰባው አልፏል። መምህሩ ወረቀቴን ይዞ ወደ ኃላፊው ክፍል ሮጠ፤ ሲመለስ ግን እየተራመደ ነበር። ሳይናገር ገባኝ። «ለዘንድሮ አይደርስም ጋሼ» አለኝ፣ ወለሉን እያየ። እንዳጽናናው ፈልጎ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔም «ምንም አይደል፤ ቅባቱ ግን ግሩም ነው» አልኩት።

ልጄ በሐምሌ ተመረቀች። ፎቶ ቤቱ ሄድን። ፏፏቴው ደብዝዟል። ፎቶ አንሺው ከጎኗ አቆመኝ፤ አገጬን ቀና አደረገልኝ። አንድ ጊዜ ካነሳን በኋላ ልጄ ጋወኗን አውልቃ ዘረጋችልኝ።

«ና ልበሰው፤ እኔ ቆቡን አደርጋለሁ። አንድ እንነሳ። ማን ያውቃል?»

«ባልተመረቅኩበት? ነገ በማጭበርበር ቢይዙኝስ!»

ፎቶ አንሺው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። «አባዬ፣ ልበሰው ተው» አለች ደግማ። «ወገቤ ላይም አይደርስልኝ፤ ሸማኔ ጠርተን እናስቀጥለው እንዴ?» አልኩ። ፎቶ አንሺው አሁንም ሳቀ። እሷ ጋወኑን ቀስ ብላ አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። ከፎቶ ቤቱ ስንወጣ ባለቤቴ ሰፊውን ፍሬም አልጋ ሥር ትታ ለአንድ ሰው ተኩል የሚሆን ትንሽ ፍሬም ገዛች።

በቀጣዩ ዓመት የቁልፍ መደዳውን ጥናት ፋሲካ ሳይደርስ ጨረስኩት። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መደዳ። መምህሩ ሊተቸኝ ሞከረ፤ አንድ ሁለት ቦታም በጨዋ ደንብ ተከራከረኝ፤ ሁለታችንም ደስ አለን። ልጄ ግን በደቡብ፣ ሩቅ እርሻ ላይ ሥራ ይዛ ስለነበር ለምረቃዬ ፈቃድ አላገኘችም። በሐጂ ሱቅ ስልክ ደወለችልኝ። ሐጂ እንደ ሙሽራ ወላጅ ደጃፋቸው ላይ ቆመው «ጥናት አቅራቢው! ልጅህ ናት!» ብለው ተጣሩ፤ መደዳው በሙሉ እየሰማ አወራን። «ፏፏቴው ጋ ተነሳ፤ እሺ አባዬ?» አለችኝ። ተነሳሁ። ባዶው ቦታ በስተግራዬ በኩል ነው።

ጥናቱ ምን አገኘ ብትሉኝ ትንሽ ነገር ነው። ሳይከራከር የከፈለ ገዢ አይመለስም። ደንበኛ የሚሆነው ያስቸገረህ፣ ያስማለህ፣ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ የጠራኸው ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በየራሳቸው አነጋገር የነገሩኝ ይህንኑ ነው። መምህሩ «ግኝት» ብሎ ከሥሩ አሰመረልኝ። የፃፍኩት እኔ ነኝ፤ የተማርኩት ግን አይመስለኝም።

ምክንያቱም ልጄ ከዚያ ወዲህ በዓል ልትውል በመጣች ቁጥር «አባዬ፣ ጋወን የሚያከራዩ አሉ፤ እንከራይና ያቺን ፎቶ እንነሳ» ትለኝ ነበር። እኔም በመጣች ቁጥር «መጀመሪያ ጥርሴን ላስተክል»፣ «ሆዴ እስኪጎድል»፣ «ጋወን በሽበት አያምርም» እላለሁ። እምቢ ማለቴ አልነበረም። አንድ ጊዜ ደግማ ብትለኝ እሺ ልል ነበር። ያው ዋጋ ጠርቼ መጠበቄ ነው። እሷም ትጨቀጭቀኛለች፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ ቀኑ ያልፍና ትሄዳለች። ፎቶ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። እሷ «ሌላ አለ» አለች። እኔም «እንደሱ ያለ ፏፏቴ ከየት ይመጣል?» አልኩ።

ያለፈው ፋሲካ ራሷ አላነሳችውም። እኔ ነኝ ግድግዳውን እያየሁ «ያቺ ፎቶማ ቀረች፤ በዚህ ፊት ማን ይነሳል?» ያልኩት፤ እንድትከራከረኝ። ልጄ ቀና ብላ ፎቶዎቹን አየች።

«እሺ አባዬ» አለች። «እንዳልክ።» ተነስታም የናቷን ሰሃን ልታጥብ ገባች።

ሳትከራከር የሄደች ገዢ ምን ማለት እንደሆነች ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጽፌበታለሁ። ሰሞኑን አልጋ ሥር ገብቼ ሰፊውን ፍሬም አወጣሁት። መስታወቱ በአንድ ጥግ ተሰንጥቋል እንጂ ደህና ነው። አራት ኪሎ ጋወን የሚያከራይ ቤት እንዳለም ጠይቄ ደርሼበታለሁ። ለዓመት በዓል ስትመጣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «ልጄ፣ ካንቺ ጋር ፎቶ መነሳት እፈልጋለሁ» ልላት ነው። የመጨረሻ ዋጋዬን፣ መጀመሪያ። በሕይወቴ እንዲህ ነግጄ ስለማላውቅ ብቻዬን ስሆን እለማመደዋለሁ፤ ባለቤቴ ትሰማኝና «ጥናት አቅራቢው ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» ትላለች።

እሺ ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም።